ጠዋት ጠዋት አልነሳም ያለው ፎር ራነር፦ ከሽምብጥ የመጣ ጥያቄና የተከተሉት መልሶች

መክፈቻው

ይህ በመኪና መድረካችን ላይ የተነሳ አንድ ክር ነው፣ ማለትም አንድ ጥያቄና የተከታተሉ መልሶች፤ የማቀርበው የመድረኩ ተቆጣጣሪ እኔ ነኝ። ጠያቂው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው የሚኖረው። መኪናው በፈረንጆቹ 1990 የተሠራ ቶዮታ ፎር ራነር ነው፤ ሞተሩ 22አር-ኢ፣ ቤንዚን፣ ባለ ኢንጀክሽን፣ ማርሹ በእጅ። ከአሜሪካ መጥቶ በሌሎች ሰዎች እጅ ካለፈ በኋላ ነው እሱ የገዛው። ኅዳር ከገባ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ብሎታል። ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር) ደህና አድርጎ ያዞረዋል፣ ባትሪው አዲስ ነው፣ ሞተሩ ግን አይዝም። ጎረቤት ተጠርቶ በሁለተኛ ማርሽ ሲገፋ ብዙም ሳይሄድ እሺ ይላል። አንዴ ከሞቀ በኋላ የትም ቢያቆመው ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብድግ ሳያሰኝ ይነሳል። እስካሁን ካንዴላ ቀይሯል፣ ፊልትሮ ቀይሯል፣ የቤንዚን ፖምፓም ቀይሯል። የደረሰበት ድምዳሜ የቀዝቃዛ ማስነሻው ኢንጀክተር ሞቷል የሚል ነው። ጥያቄውም አንድ ብቻ፦ ዕቃው ባሕር ዳር ይገኛል ወይስ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ሰው መላክ አለበት?

ልብ በሉ፣ የጠየቀው ስለ ዕቃው እንጂ ስለ ብልሽቱ አይደለም። ክሩ ይህን ያህል የረዘመው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ኢንጀክተሩን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ ባለ ኢንጀክሽን ሞተሮች ለየሲሊንደሩ ከተመደቡት ኢንጀክተሮች ሌላ አንድ ተጨማሪ ነበራቸው። የሚቀመጠው አየር በሚገባበት ማኒፎልድ ላይ ነው። ሥራው ሞተሪኖ በሚዞርበት ሰዓት፣ ያውም ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ብቻ፣ ተጨማሪ ቤንዚን መርጨት ነው። ፖዘቲቩ የሚመጣለት ከማስነሻው መስመር ነው። ኔጌቲቩን የሚሰጠው ደግሞ በሞተሩ ውሃ ውስጥ ጫፉ የተጠለቀ የጊዜ ስዊች ነው። ስዊቹ ውስጥ ሲሞቅ የሚታጠፍ የብረት ምላስና ትንሽ ማሞቂያ ጥቅል አለ፤ ሞተሪኖ በዞረ ቁጥር ጥቅሉ ምላሱን እያሞቀ ይሄድና መስመሩ ይቋረጣል። ስለዚህ ቁልፉን ይዘህ ብትቆይም ኢንጀክተሩ ከጥቂት ሴኮንድ በላይ አይረጭም፤ ሞተሩ ሞቆ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይረጭም። የቦሽ ስሪት በሆኑት ላይ ይህ ልክ አካሉ ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ 35 ዲግሪና 8 ሴኮንድ የሚል ከሆነ፣ ከ35 ዲግሪ በታች መስመሩን ያገናኛል፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ብርድ ላይ ደግሞ ቢበዛ 8 ሴኮንድ ያስረጫል ማለት ነው።

መልስ 1 እና 2

የመጀመሪያው ሰው በትሕትና ነው የገባው። እንደምን አደርክ ወንድሜ ብሎ፣ እግዜር ይሁንህ ብሎ፣ ከዚያ ቤንዚኑን ከየት እንደሚቀዳ ጠየቀ። ማደያ ተሰልፎ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ መንገድ ዳር በጀሪካን ከሚሸጡት ከሆነ ግን ከታች ውሃ ሊኖረው ስለሚችል በነጭ ጠርሙስ ቀድቶ አሳድሮ እንዲያየው መከረ። ሁለተኛው በዚህ ተስማምቶ የራሱን ጨመረ፦ ወደ ጎንደር ሲሄድ አዲስ ዘመን ከተማን ከማለፉ በፊት በጀሪካን የገዛው ቤንዚን ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ኖሮ፣ መኪናው ሲሞቅ እየሄደ ሲቀዘቅዝ አልነሳ እያለ አሰቃይቶታል። ይህ ከንቱ ወሬ አይደለም። ነጭ ጋዝ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይተንም፣ ቀዝቃዛ ሞተር ደግሞ የሚያቀጣጥለው የተነነውን ነው።

ጠያቂው ጠርሙሱን ሞክሮ ንጹሕ መሆኑን በኋላ ጻፈ። መንገዱ እዚያው ተዘጋ።

መልስ 3

እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ሦስተኛው ሰው ባሕር ዳር ብርድ የለም፣ ያ ኢንጀክተር በረዶ ለሚጥልበት አገር የተሠራ ነው፣ ነቅሎ ጥሎ ቀዳዳውን መድፈን ነው የሚል ፍርድ ሰጠ። እሱ ኮሮላው ላይ እንዲያ አድርጎ ምንም እንዳልጎደለበትም አከለ።

መልስ 4

መልሱን የሰጠችው ደብረ ታቦር እየተመላለሰች የምትሠራ ሴት ናት፤ ለስለስ ብላ ጀምራ እየቆየች ጠንከር አለች። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በታኅሣሥና በጥር ንጋት ላይ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድባቸው ቀናት አሉ። ውጭ ያደረ መኪና የሞተሩ ውሃም አብሮት ነው የሚቀዘቅዘው። ስዊቹ ደግሞ በረዶ አይጠብቅም፤ የሚያየው የውሃውን ሙቀት ብቻ ስለሆነ በእንዲህ ያለ ንጋት የባሕር ዳርም መኪና ለእሱ ቀዝቃዛ ነው። ደብረ ታቦርማ ከ2,600 ሜትር በላይ ነው፤ ማታ ሞቆ የቆመ መኪና ጠዋት መስታወቱ አመዳይ ለብሶ የሚገኝበት አገር ነው። አንድ አካል ተነቅሎ መኪና ስለሄደ አካሉ ትርፍ ነበር ማለት እንዳልሆነ ለሦስተኛው ሰው በነገር ጠቅ አድርጋ ነው የዘጋችው። እሱም መልስ አልሰጠም፤ በኋላ ግን በሌላ ጉዳይ ይመጣል።

መልስ 5

በዚህ ክር ውስጥ በጣም የወደድኩት ይህ ነው። የጻፈው ሰው መኪና የለውም። ጣና ላይ ጀልባ ነው የሚነዳው፤ ሰው ወደ ዘጌ፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያመላልሳል። የጀልባው ሞተር ሌሊቱን ካደረ በኋላ ሳይነካካ ቢያዞረው አይነሳም። ከነዳጁ ቱቦ ላይ ያለችውን የጎማ እንክብል ጨብጦ ጨብጦ እስክትጠነክርበት ድረስ ሲሞላ ግን በመጀመሪያው ነው። ስለዚህ መኪና ውስጥ ያ እንክብል ምንድን ነው፣ ሌሊት ቤንዚኑ ወደ ኋላ እየተመለሰ ቱቦው ባዶ እያደረ ቢሆንስ ብሎ ጠየቀ። ይቅርታ፣ የማላውቀው ገብቼ ከሆነ ብሎም ጨመረ።

ገብቶ ነበር፣ ግን ከሁሉም በላይ ወደ ነገሩ ቀርቦ ነበር።

መልስ 6

አንድ የጋራዥ ልጅ ከጀልባ ነጂው ሐሳብ ተነሥቶ ግፊት መለካት እንደሚያስፈልግ አስረዳ። እንክብሉን በመኪና ውስጥ የሚተካው የኤሌክትሪክ ፖምፓው ነው፤ ግፊቱን የሚይዘው ደግሞ ፖምፓው ውስጥ ያለችው የማትመልስ ቫልቭ። ኮፈኑን ከፍቶ የመመርመሪያዋን ሳጥን ክዳን ማንሳት፣ ቁልፉን ኦን ላይ ማድረግ፣ ኤፍፒ እና ፕላስ ቢ የተጻፈባቸውን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ማገናኘት። ፖምፓው ሞተሩ ሳይነሳ ይሠራል፣ ድምፁም ከኋላ ይሰማል። በዚያን ጊዜ ግፊቱ በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ2.7 እስከ 3.1 ኪሎ መሆን አለበት። ሞተሩ ከጠፋ 5 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 1.5 ኪሎ ይዞ መቆየት አለበት። ቱቦውን ሲፈታ ቤንዚን ስለሚረጭ የባትሪውን ኔጌቲቭ አስቀድሞ እንዲነቅል፣ ጨርቅ እንዲያለብስ፣ ሲጋራ የያዘ ሰው እንዳይቀርብ አስጠነቀቀ። ቱቦውን የሚይዙት ቀዳዳ ያላቸው ብሎኖች በሁለት ወገን የመዳብ ቀለበት ስላላቸው፣ አሮጌውን ቀለበት መልሶ ማሰር ለሌላ ቀን ፍሳሽ መተው እንደሆነም አልረሳም።

መልስ 7

ጠያቂው ማኖሜትር ተውሶ ለካ። ግፊቱ 2.8 ሆነ፣ 5 ደቂቃ ቆይቶም ከ1.5 በላይ ነበር። ስለዚህ ግፊቱ ደህና ነው፣ ኢንጀክተሩ መሆኑ ተረጋገጠ አለ። በዚሁ መልስ መጨረሻ ላይ ግን እግረ መንገዱን አንድ ነገር ጣል አደረገ፦ በዚያን ጠዋት በሽቦው ፖምፓውን ካሠራው በኋላ መኪናው ሳይገፋ፣ ብዙ ቢያንገራግርም፣ በራሱ ተነሥቷል። ይህን እንደ አጋጣሚ ነው የጻፈው፤ ያኔ ማንም ልብ አላለውም።

መልስ 8 እና 9

ስምንተኛው ነጋዴ ነው። ኢንጀክተሩ ከነስዊቹ እጁ ላይ እንዳለ፣ ዋጋውን በውስጥ መስመር እንደሚነግር፣ የሚፈልግ ካለ ቶሎ እንዲደውል ጻፈ፤ ስልኩንም አስቀመጠ። ዘጠነኛው ወዲያው ወረደበት። ሰው ችግሩን ሳያውቅ ዕቃ እየሸጣችሁ ነው አገሩን የብረት መጋዘን ያደረጋችሁት የሚል ነበር መንፈሱ። የስልክ ቁጥሩን እኔ አጠፋሁት፤ የዚህ መድረክ ሕግ ነው። ቁጣው ግን አላስፈላጊ ነበር፤ ሰውዬው የተጠየቀውን ነው የመለሰው።

መልስ 10 እስከ 14

አሥረኛው ሰው አቋራጭ አመጣ፦ የጊዜ ስዊቹን መዝለል። ከኢንጀክተሩ አንድ ገመድ ወደ ዳሽቦርድ ስቦ በጣት የሚጫን ማብሪያ ማድረግ፣ ጠዋት ሲያዞር ሁለት ሦስት ጊዜ ጫን ማድረግ፣ በቃ። ድሮ የእጅ ቾክ ስንጎትት እንዲሁ አልነበረም ወይ ብሎም ሞገተ።

ክሩ እዚህ ላይ ጋለ። አሥራ አንደኛው ሰው በትዕግሥት ነው የጀመረው። ቾክ የሚቀንሰው አየር ነው፣ ያንተ ማብሪያ ግን የሚጨምረው ጥሬ ቤንዚን ነው። እጅህ ትንሽ ከቆየ ካንዴላው ይርሳል፤ ከዚያም አልፎ ቤንዚኑ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት አጥቦ ወደ ታች ይወርዳል፣ የሞተር ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። አንድ ቀን ማብሪያው ተጣብቆ ቢቀር ደግሞ ማኒፎልዱ በቤንዚን ተሞልቶ ያድራል። አሥረኛው ለዚህ የሰጠው መልስ ሰውዬውን የኢንተርኔት መካኒክ ማለት ነበር። አሥራ ሁለተኛው ከአሥረኛው ጎን ቆመ፣ አጎቱ ለረጅም ጊዜ እንዲያ ሲነዳ እንደኖረ ተናገረ። አሥራ ሦስተኛው አጎቱ አሁንም ያንኑ ሞተር ይነዳ እንደሆነ ጠየቀ። መልስ የለም። አሥራ አራተኛው ሁላችሁም ተረጋጉ፣ ሰው ልጆቹን ትምህርት ቤት ማድረስ ነው ያቃተው፣ እናንተ ትሰዳደባላችሁ ብሎ ገሠጸ።

እኔ በዚህ ጉዳይ ከአሥራ አንደኛው ጋር ነኝ። ማብሪያው ይሠራል፣ አይሠራም አልልም። የሚሠራው ግን ሌላ ቦታ ያለውን ብልሽት ሸፍኖ ነው፣ ያውም ያ ብልሽት ምን እንደሆነ ገና ሳይታወቅ።

መልስ 15

ከዚያ ጡረታ የወጡ የቴክኒክና ሙያ መምህር ገቡ። ክሩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከዚህ በኋላ አንቱ እያለ፣ ጋሼ እያለ ነው የጻፈላቸው፤ ሲሳደቡ የነበሩትም ጭምር። እሳቸው ስለ ኢንጀክተሩ ምንም አላሉም። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሞተሪኖውን የምታዞረው በቁልፉ ነው ወይስ በሌላ ነገር? ሁለተኛ፣ በመመርመሪያዋ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች አገናኝተህ የሞተሩን መብራት ብልጭታ ቆጥረሃል? ብልጭታው እንዴት እንደሚነበብም አሳዩት፦ አራት ጊዜ ብልጭ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ሦስት ጊዜ ብልጭ ካለ የብልሽቱ ኮድ 43 ነው። 22 ከመጣ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ነው። እሱን ደግሞ በቴስተር መለካት ይቻላል፤ 20 ዲግሪ አካባቢ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ 80 ዲግሪ ሲደርስ ከ0.2 እስከ 0.4 ኪሎ ኦም ካሳየ ደህና ነው። ይህን አይተህ ንገረኝ፣ ልጄ፣ ዕቃ እንዳትገዛ ብለው ጨረሱ።

መልስ 16

ጠያቂው በማግሥቱ ተመለሰ። ቁልፉ የማስነሻ ቦታው ላይ አይሠራም፤ መኪናውን ሲገዛው ጀምሮ ከመሪው በታች፣ የመኪናው ቁልፍ ኦን ላይ ሆኖ በጣት የሚጫን ሌላ ማስነሻ ቁልፍ አለ፣ ነጭ፣ እንደ በር ደወል ያለ። ብዙ መኪና ላይ ስላየው ምንም አልመሰለውም። ኮዱም ወጣ፦ 43። ሌላ ኮድ የለም።

ፎቶውን አያይዞ ነበር። ከነጩ ቁልፍ የወጣች ቀጭን ቀይ ሽቦ በፍሪሲዮኑ ፔዳል አጠገብ ተንጠልጥላ፣ ሞተሩን ከመኪናው ውስጥ በሚለየው የብረት ግድግዳ (እሳት መከላከያው) ላይ ጎሚኒ በሌለው ቀዳዳ አልፋ፣ የብረቱ ጠርዝ ልጣጯን መብላት ጀምሮ ይታያል። በሌላኛው ፎቶ ሞተሪኖው ላይ የፋብሪካው ገመድ ተቆርጦ፣ ጫፉ በናስትሮ ተጠቅልሎ ወደ ኋላ ታጥፏል፤ ናስትሮው ሟሙቶ ተጣብቋል፣ ከሥሩ የሚታየው መዳብ አረንጓዴ ሆኗል። በእሱ ቦታ የገባችው ቀይዋ ሽቦ ናት።

መልስ 17

አሥራ ሰባተኛው ሰው ልክ ነው፣ ግን ቸኩሏል። 43 የሚለው ኮድ የማስነሻ ምልክት ወደ ኮምፒውተሩ አልደረሰም ማለት ነው። ሆኖም መኪና ተገፍቶ ሲነሳም ያው ኮድ ይመዘገባል፤ ሞተሪኖ ሳይዞር ሞተሩ ተነሥቷልና። ይህ ሰው ደግሞ በየጠዋቱ ሲገፋ ነው የከረመው። ስለዚህ ኮዱ ምንም አያረጋግጥም ብሎ ተከራከረ።

መምህሩ በአንድ መስመር መለሱለት (መልስ 18)፦ ኮዱን አጥፋና በነጩ ቁልፍ አስነሥተህ እንደገና አንብብ። የኢኤፍአይ (የኢንጀክሽኑን) ፊውዝ ነቅሎ ግማሽ ደቂቃ ያህል ማቆየት፣ መመለስ፣ ቀትር ላይ ሞቅ ባለ ሰዓት በነጩ ቁልፍ ማስነሳት። ሳይገፋ ተነሥቶ 43 ከተመለሰ ጥፋቱ የመግፋት አይደለም። ተደረገ፤ ተመለሰ።

መልስ 19 እና 20

እነዚህን ሁለቱን ሳትዘሉ ማንበብ ያስፈልጋል። አሥራ ዘጠነኛው ሰው እኔም እንዲህ ያለ የሚጫን ቁልፍ አለኝ፣ መኪናዬ በብርድም በሙቀትም ይነሳል፣ ስለዚህ ቁልፉን አትወንጅሉ አለ። ሃያኛው፣ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው፣ አንተም፣ ቁልፉን የሚወነጅሉትም ልክ ናችሁ ብሎ ልዩነቱን አስረዳ። በፋብሪካው አሠራር ከቁልፉ የማስነሻ ቦታ የሚወጣው ገመድ አንድ አገልግሎት ብቻ አይደለም የሚሰጠው። በአንድ በኩል ሞተሪኖውን ያዞራል። መንገድ ላይ ግን ቅርንጫፍ አለው፤ አንዱ ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል፣ ኤስቲኤ የሚባለው እሱ ነው፣ በማስነሻ ሰዓት መደበኛዎቹ ኢንጀክተሮች አብዝተው እንዲረጩ። ሌላው ወደ ቀዝቃዛ ማስነሻው ኢንጀክተርና ወደ ጊዜ ስዊቹ። ሌላው ደግሞ የቤንዚን ፖምፓውን ወደሚያሠራው ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ወደሚበራ ስዊች። የሚጫነውን ቁልፍ የሠራው ሰው ከመኪናው ቁልፍ ሥር፣ በዚያው በፋብሪካው ገመድ ላይ ደርቦ ከሆነ ያሰረው፣ ሁሉም ቅርንጫፍ መብራት ያገኛል። የአሥራ ዘጠነኛው ሰው ይህ ነው። ገመዱን ቆርጦ በቀጥታ ሞተሪኖው ላይ ከገባ ግን የሚዞረው ሞተሪኖው ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ተኝቷል።

ከዚያም የጀልባ ነጂውን ጥያቄና ሰባተኛው መልስ መጨረሻ ላይ የተጣለውን ነገር አንስቶ አገናኘው። 22አር-ኢ ላይ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የፖምፓውን ሪሌ ይዞ የሚቆየው አየር መለኪያው ውስጥ ያለ መገናኛ ነው፤ አየር ሲሳብ ክዳኑ ይከፈትና መገናኛው መስመሩን ያገናኛል። ሞተሪኖ ቀስ ብሎ ሲያዞር የሚሳበው አየር ትንሽ ስለሆነ ክዳኑ በወጉ አይንቀሳቀስም፣ ፖምፓውም እየዘለለ ነው የሚሠራው። መኪናው ሲገፋ ሞተሩ ፈጠን ብሎ ይዞራል፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ ፖምፓው ይይዛል። ሲሞቅ የሚነሳው ቱቦው ውስጥ ግፊት ስለቀረና ተጨማሪ ቤንዚን ስለማያስፈልገው ነው። በሽቦ ፖምፓውን ያሠራ ዕለት ሳይገፋ የተነሳውም ለዚህ ነው፤ ያንገራገረው ደግሞ ኢንጀክተሩም ኮምፒውተሩም አሁንም ስላልሰሙ።

አንድ ገመድ፣ ሦስት ጉዳት። ፖምፓው የተቀየረው በከንቱ ነው።

መልስ 21 እስከ 26

እንደ ልማዳችን ክሩ ከመንገድ ወጣ። ሃያ አንደኛው ነጩን ቁልፍ የሠራውን ጋራዥ ስም ጠየቀ፤ እዚህ ስም እንደማይጠራ ነገርኩት። ሃያ ሁለተኛው የሚጫን ቁልፍ ለሌባ በር መክፈት ነው አለ፣ ከዚያም ስለተሰረቀ ባጃጅ ረጅም ታሪክ ተረከ። ሃያ ሦስተኛው፣ ያ ነቅለህ ጣለው ያለው ሦስተኛው ሰው ራሱ ነው፣ ተመልሶ መጥቶ የኤሌክትሪክ መኪና ብትገዛ ይህ ሁሉ አይመጣም አለ፤ መንግሥት በ2016 የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ መጨረሻችን እዚያው ነው። ሃያ አራተኛው መብራት ሲጠፋ በምን ትሞላዋለህ፣ በኩበት? ብሎ ተሳለቀ። ከዚያ ወሬው ወደ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሄደ፣ ሰፊው መንገድ ላይ መኪና ቢቆምብህ ለመግፋት ይመቻል እየተባለ ተሳሳቁ። አንዱ ደግሞ እምቦጭ የጀልባ ሞተር ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም ምን ይሻላል ብሎ ጀልባ ነጂውን ጠየቀ። እሱም ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከውሃ አንስቶ፣ በእጅና በቢላ ከመቁረጥ ሌላ መላ እንደሌለ መለሰ።

እምቦጩን የተመለከተው ለሌላ ክር የሚበቃ ስለሆነ ለይቼ አወጣሁት።

መልስ 27

ጠያቂው የጋራዡን ልጅና ኤሌክትሪሺያኑን ቤቱ ድረስ ጠርቷቸው ኖሯል፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ መኪናው አድሮ እንደቀዘቀዘ። የኢንጀክተሩን ሶኬት ነቅለው በሁለቱ እግሮቹ መካከል ቴስተር አምፖል አደረጉ። በነጩ ቁልፍ ሲዞር አምፖሉ ጨለማ ነው። የኢንጀክተሩን የውስጥ ጥቅል ለኩ፤ ከ2 እስከ 4 ኦም መሆን ያለበት 3 አካባቢ ሆነ፣ ደህና ነው። ከዚያ የተቆረጠውን የፋብሪካ ገመድ ናስትሮ ፈትተው፣ አረንጓዴውን ቆርጠው ጥለው፣ ንጹሑን መዳብ አውጥተው፣ ፊውዝ ባለው ሽቦ ከባትሪው መብራት ሰጡት፣ በዚያው ቅጽበት ነጩን ቁልፍ ተጫኑ። አምፖሉ በራ፣ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ በራሱ ጠፋ፤ ስዊቹም ይሠራል ማለት ነው። አምፖሉን አንስተው ሶኬቱን መለሱ፣ ደገሙት። መኪናው ተነሳ። ጎረቤቱ ለመግፋት ጃኬቱን ለብሶ ወጥቶ ነበር።

መልስ 28 እስከ 30

ምስጋና፣ ምርቃት፣ እልልታ። ስምንተኛው ነጋዴ እኔ ልሸጥ ስል ተሰደብኩ፣ እናንተ ግን በነጻ ነገራችሁት ብሎ አኮረፈ፤ ዘጠነኛው ይቅርታ ጠየቀው፣ ተቀበለ። አሥረኛው ሰው አሁንም የኔም መንገድ ያስነሳው ነበር አለ። እውነቱን ነው። ማንም አልመለሰለትም።

መልስ 31

መምህሩ እንደገና መጡ፤ አሁን ገሠጽ ባለ ድምፅ። ገመዱ ስለተገኘ ሥራው አልቋል የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል አሉ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው። ነጩ ቁልፍ ለበር ደወል የተሠራ ከሆነ የሞተሪኖውን ሶሌኖይድ (መስመሩን የሚያገናኘውን የኤሌክትሪክ ማግኔት) ጉልበት መሸከም አይችልም፤ ይሞቃል፣ ይጣበቃል፣ ሞተሪኖው ሳይለቅ ይቀራል። ቀይዋ ሽቦ ደግሞ ፊውዝ የላትም፣ ጎሚኒ በሌለው ቀዳዳ ታልፋለች፤ የብረቱ ጠርዝ አንድ ቀን ልጣጯን ጨርሶ ሲበላ እሳት ነው። በዚያ ላይ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ስለሆነ ፍሪሲዮን ካልተረገጠ ሞተሪኖ እንዳይዞር የሚያደርግ ስዊች ነበረው፤ ቀይዋ እሱንም ዘላዋለች። ሕፃን ቁጭ ብሎ ቢነካው ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና ወደ ፊት ይዘላል። ስለዚህ ቀይዋ ሽቦ ከሥሯ ትነቀል፣ የፋብሪካው ገመድ በእርሳስ ተበይዶ ወደ ሞተሪኖው ይመለስ፣ የመኪናው ቁልፍ የኋላ የመገናኛ ክፍል ይቀየር። የቁልፉን ጥርስ የያዘው ብረት ደህና ከሆነ መቀየር ያለበት የኤሌክትሪኩ ቁራጭ ብቻ ነው፤ ያ እስኪገኝ ድረስ የሚጫን ነገር የግድ ከሆነ በሪሌና በፊውዝ፣ ከፋብሪካው ገመድ ጋር ተገናኝቶ ይሁን።

መልስ 32 እና 33

ደብረ ታቦር የምትመላለሰው ሴት የራሷን መኪና በዚህ አጋጣሚ ስታየው እሷም ተመሳሳይ ቀይ ሽቦ አግኝታ ደነገጠች። የእሷ ግን በፋብሪካው ገመድ ላይ የተደረበ ነው፤ ያም ሆኖ ፊውዝ የለውም። ኤሌክትሪሺያኑ ቅዳሜ ወደ አባይ ማዶ ብቅ ካለች እንደሚያይላት ጻፈላት።

መልስ 34

ከወደ መሸንቲ የጻፈ አንድ ሰው የተጋጨ ሃይሉክስ ግቢው ውስጥ እንዳለ፣ የቁልፉ የመገናኛ ክፍል እንዳልተነካ፣ ሶኬቱ ከፎር ራነሩ ጋር ከገጠመ ያለ ምንም ዋጋ እንደሚሰጥ ጠቆመ። ጠያቂው እግሮቹን ቆጥሮ ፎቶ ላከ፣ ሰውዬውም የራሱን ላከ፤ ይገጥማል። ስልክ ሊለዋወጡ ሲሉ ወደ ውስጥ መስመር እንዲሄዱ ነገርኳቸው፣ ሄዱ።